ያልተነካ ወይስ የተነካካ? ያገለገለ ስፖርት መኪና ከመግዛታችሁ በፊት፣ ደረጃ በደረጃ

በወር ሦስት አራት ሰው ይደውልልኛል። ጥያቄው ያው ነው። «ጋሼ፣ አንድ ሲቪክ አግኝቻለሁ። ሞዲፋይድ ነው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ልግዛው ወይስ ያልተነካ ልፈልግ?» የምኖረው ለገጣፎ ነው። ደዋዮቹም አብዛኞቹ እንደ እኔ ከከተማው ጫፍ ናቸው፤ ከአያት፣ ከሰንዳፋ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከገላን። በስልክ ግማሹን እነግራቸዋለሁ፣ ግማሹን እረሳዋለሁ። ሙሉውን እነሆ።

ያልተነካ ስል ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ማለቴ ነው። ጎማ፣ ፍሬን ሸራና አሞርዛተር ተቀይሮለት ሊሆን ይችላል፤ ያ ጥገና ነው። የተነካካ ስል ሞላው (መኪናውን የሚሸከመው ስፕሪንግ) የተቀየረ ወይም የተቆረጠ፣ ማርሚታው የተለወጠ፣ ሰፊ ቸርኬ የገባለት፣ የሞተሩ ኮምፒውተር እንደገና ፕሮግራም የተደረገ፣ ወይም ሞተሩ ራሱ የሌላ መኪና የሆነ ነው።

የተነካካ መኪና ስትገዙ የማታውቁትን ሰው የእጅ ሥራ አብራችሁ ትገዛላችሁ። ሥራው ተፈትቶ ወደ ኦሪጅናሉ መመለስ ከቻለ ዋጋ ይወጣለታል። ካልቻለ በርካሽም አትግዙት። የሚከተለው ሁሉ ይህን ለማጣራት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእጅ ባትሪ። የስልክ መብራት አንድ እጅ ይይዝባችኋል።
- ሜትር
- ትንሽ ማግኔት፣ ቀለም እንዳይጭር በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ
- ነጭ ሶፍት
- መሬት ላይ የሚነጠፍ ካርቶን
- በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ የኦቢዲ ማንበቢያ፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የጥፋት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ። ለአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ፣ ለአውሮፓ ገበያ ከ2001 ወዲህ በተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ላይ ይሠራል።
- እስክሪብቶና ወረቀት
- ሻጩም ደላላውም የማያውቁት ሜካኒክ፣ ጉድጓድ ወይም ሊፍት ካለው ጋራዥ ጋር
- ግማሽ ቀን፣ ያውም ጠዋት

1. መጀመሪያ መንገዳችሁን ለኩ

መኪናውን ገና ሳታዩ ከዋናው አስፋልት እስከ ቤታችሁ በእግር ሂዱ። አስፋልቱ የት ያልቃል? ኮብልስቶኑ የት ሰምጧል? የግቢያችሁ በር ደፍ ስንት ሴንቲሜትር ነው? ከፍ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በሜትር ለኩትና ጻፉት።

ብዙዎቹ ትናንሽ ስፖርት መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ሆዳቸው ከመሬት ከ12 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ዝቅ ሲደረጉ 10 ወይም ከዚያም በታች ይሆናሉ። አራት ሰው ሲሳፈር ደግሞ ሌላ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ይወርዳል። ቦሌ መንገድ ላይ ይህ ጣጣ የለውም። ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ውስጥ ለውስጥ ግን በየቀኑ ትሰሙታላችሁ።

እኔ የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ዝቅ ያለ መኪና ገዛሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሰፈሬ ያለ አንድ ድንጋይ የሞተሩን የዘይት ኮፓ ሰነጠቀው። የዘይት መብራቱ ሲበራ «ቤት ልድረስ» ብዬ ነዳሁ። እኔ ደረስኩ፣ ሞተሩ አልደረሰም።

ክረምትንም አስቡ። አንዳንድ የተነካካ መኪና የአየር ፊልትሮው ወደ ፊት ፓራውልቱ ታች ወርዶ ነው የሚታሰረው። ቀዝቃዛ አየር እንዲያገኝ ነው። ነሐሴ ላይ የመንገድ ኩሬ ውስጥ ስትገቡ ግን ውኃ ይስባል። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስቶኑን የያዘውን ዘንግ ያጣምመዋል።

መንገዳችሁ ላይ ከ10 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ጉብታ ካለ ዝቅ የተደረገ መኪና ከዝርዝራችሁ ይውጣ። ኦሪጅናል ሞላው አብሮ ከተሸጠ ብቻ ይመለስ።

2. ሊብሬውን ከመኪናው ጋር አመሳክሩ

ሻጩ የነገራችሁን ሳይሆን ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቡ። የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ ፊደል እንኳ መለያየት የለባቸውም። ሞተሩ ከተቀየረ አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ መመዝገብ ነበረበት። ካልተመዘገበ ስም ሲዛወር ወይም ቦሎ ሲታደስ ጣጣው የእናንተ ነው። ቀለሙንም አስተያዩ። ሊብሬው «ነጭ» ብሎ መኪናው ጥቁር ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ።

ታርጋው የአዲስ አበባ ይሁን የኦሮሚያ፣ ፋይሉ ያለው ታርጋውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ሄዳችሁ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለበት? ሁለተኛ፣ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ቀረጡ ሳይከፈል የቀረ ነው? በጽሑፍ የተረጋገጠ መልስ ሳትይዙ ገንዘብ አታውጡ።

ዓመቱ ላይም ተጠንቀቁ። ሊብሬ ላይ ያለው የስሪት ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «የ98 ናት» ሲባል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። ሰባት ስምንት ዓመት ቀልድ አይደለም።

3. ሻጩን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፣ መልሱን ጻፉ

ምን ተቀየረ? ማን ቀየረው? ኦሪጅናሉ ዕቃ የት አለ?

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ገበያው ላይ ያለው እዚሁ የቆየ፣ ብዙ እጅ ያለፈበት መኪና ነው። የቪትዝና የኮሮላ ዕቃ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። የሴሊካ፣ የኢምፕሬዛ ወይም የጎልፍ ጂቲአይ ዕቃ ግን ዛሬ ተገኝቶ ነገ ይጠፋል። ኦሪጅናሉን ሞላ፣ ማርሚታና ቸርኬ መጋዘኑ ያስቀመጠ ሻጭ መኪናውን ሲነካካ አስቦበታል ማለት ነው። «ሸጥኩት» ካለ የመመለሻውን ወጪ በእናንተ ስም መዝግቡት።

«የሴት ልጅ መኪና ናት»፣ «የዶክተር ናት» የሚለውን አትጻፉት። ሊብሬው ላይ ቦታ የለውም።

4. ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ

ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል። ተመልሳችሁ ሌላ ቀን ኑ። የደከመ ሞተር ችግሩን የሚያሳየው ጠዋት በብርዱ ሲነሳ ነው። ከሞቀ በኋላ ብዙው ይደበቃል።

ሳይነሳ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ በሶፍት ጥረጉት። ቡና በወተት የመሰለ ቀለም ካያችሁ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል። እዚያው አቁሙ። የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና የውኃውን ቀለም እዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የራዲያተር ክዳን ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው የሚከፈተው። ትኩሱ ፊት ላይ ይፈነዳል።

አሁን አስነሱት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ቤንዚን በዝቷል። ነጭ እንፋሎት በአዲስ አበባ ጠዋት ያለ ነው፤ በደቂቃዎች ይጠፋል። ካልጠፋና ጣፋጭ ጣፋጭ ከሸተተ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ነው። ሴሊካ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2000 እና የ2001 ስሪት 1ዜድዜድ ሞተር ዘይት በመብላት የታወቀ ነውና የዘይቱን መጠን በደንብ እዩ።

5. ላሜራውን በማግኔት ፈትሹ

ማግኔቱን በሮቹ፣ ፓራፋንጎዎቹና የኋላ ጎኖቹ ላይ አስኪዱ። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ አለ። አንዳንድ ስፖርት መኪና ኮፈኑ አሉሚኒየም ስለሆነ እሱ ላይ ማግኔት አለመያዙ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የተጨመረ ጌጥ ፓራውልት ካለ ከኋላው በባትሪ አብሩ። ግጭት የሚደበቀው እዚያ ነው።

ሰፊ ጎማ እንዲገባ የጎማ ቤቱ ጠርዝ ተቆርጦ ከሆነ ያ አይመለስም። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ከሆነ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ሥርና ከሞተሩ ኋላ ያለው ብረት ላይ ብየዳ ፈልጉ። መሪን የሚያህል ነገር ያረፈበት ብየዳ በሜካኒክ ዓይን መታየት አለበት።

6. ሥሩ ግቡ

እዚህ አትቸኩሉ። የተነካካ መኪና እውነቱ ያለው ከሥሩ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ጉድጓድ ወይም ሊፍት ያለበት ጋራዥ ውሰዱት።

ሞላውን እዩ። ጫፉ በመጋዝ ወይም በእሳት የተቆረጠ ከሆነ፣ ቀለሙም የተቃጠለ ከሆነ፣ መኪናው ዝቅ ያለው በርካሹ መንገድ ነው። የተቆረጠ ሞላ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ሊፍት ላይ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላውን በእጃችሁ አሽከርክሩት። ላላ ብሎ ከዞረ አትግዙት፣ ወይም አራቱንም ሞላና አሞርዛተር ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። በተሠራለት አጭር ሞላና አሞርዛተር ዝቅ የተደረገ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በቦልት ይፈታል፣ ይመለሳል።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ላላ ብሎ ከተወዛወዘ ኩሽኔታ ወይም መጋጠሚያ አልቋል። ወደ ውጭ የወጣ ሰፊ ቸርኬ ኩሽኔታ ቶሎ ይጨርሳል፤ ክብደቱ ያረፈው ፋብሪካው ካሰበው ቦታ ውጭ ስለሆነ ነው። የጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ያረጀ ጎማ ያረጀ ነው። ውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ከተበላ መኪናው ዝቅ ከተደረገ በኋላ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አልተሠራለትም።

የፍሬን ቱቦዎቹ ቸርኬው ጋ እንዳይነኩ መሪውን ሁለቱም ጫፍ ድረስ እያዞራችሁ እዩ። ከማርሚታው በፊት ያለው ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) ተቆርጦ ባዶ ቧንቧ ተበይዶ ከሆነ ጻፉት። ካታሊስት ውድ ዕቃ ነው፤ የመመለሻ ወጪው ከእናንተ ኪስ ይወጣል። ኮፓውና የሻንሲው ሥር የተፋፋቀ ከሆነም መኪናው መሬት ሲመታ ኖሯል።

7. ኤሌክትሪኩንና ኮምፒውተሩን ጠይቁ

ቁልፉን አንድ ጊዜ አዙሩ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። የሞተር ምልክትና የኤርባግ ምልክት መብራት አለባቸው። ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። ከመጀመሪያው ካልበሩ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል ወይም ሸፍኖታል። ትንሽ የውድድር መሪ የገባለት መኪና የሾፌር ኤርባግ የለውም። ለውበት ብላችሁ እንዳታልፉት።

ከዚያ ኦቢዲውን ሰኩ። ኮድ ባይኖርም ስልኩ ላይ መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች «አልተጠናቀቁም» ካለ ኮዱ በቅርቡ ተደምስሷል። ባትሪ ተነቅሎ ከሆነም እንዲሁ ይላል። ከሻጩ ጋር ጥቂት ቀን ነድታችሁ ድገሙት።

የፊውዝ ሳጥኑን ክፈቱ። በ10 አምፒር ቦታ 30 ገብቶ ካያችሁ አንድ መስመር ሲያቃጥል ኖሯል። ትልቅ ፊውዝ ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት አይቆርጥም፤ መኪና የሚያቃጥለው እሱ ነው። ለስፒከርና ለመብራት የተጎተተ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ብዙ ከሆነ ይህን መኪና ሌላ ሰው ይግዛው። ሜካኒካል ጥፋት ይታያል። የኤሌክትሪክ ጥፋት ግን ወር ሙሉ ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል።

የሞተሩ ፕሮግራም ተቀይሮ ከሆነ የፋብሪካው ፋይል ተቀምጦ እንደሆነ ጠይቁ። ማደያዎቻችን ላይ ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሳይቀጣጠል የሚቆይበት ደረጃ) መርጣችሁ አትቀዱም። ለከፍተኛ ኦክቴን ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራም እዚህ ሞተሩን ያንኳኳል፤ ማንኳኳት ደግሞ ፒስቶን ይሰብራል።

8. ኮምፕረሽን አስለኩ፣ ከፍታውን ግን አትርሱ

ኮምፕረሽን ማለት ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው የአየር ግፊት የእኛ በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በወረቀት 150 የፈረስ ጉልበት ቢል እዚህ 115 ገደማ ነው የሚሰጣችሁ። አንድ ፊልትሮና ጮክ ያለ ማርሚታ ይህን አይመልሱም። «ጉልበት ተጨምሮበታል» ተብሎ ለሁለቱ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

የኮምፕረሽን መለኪያውም እዚህ በሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። የመኪናው መጽሐፍ 180 ፒኤስአይ ካለ እዚህ 135 ማንበቡ ጤና ነው። ሜካኒካችሁ «ወርዷል» ብሎ ቢያስፈራራችሁ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ያወዳድር። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ከበለጠ ነው ችግሩ።

ቱርቦ ያለው መኪና ከፍታውን በከፊል ይካካሳል። ለዚህ ግን ቱርቦው ይበልጥ መሽከርከር አለበት። ግፊቱ ከፋብሪካው በላይ የተነሳበት ቱርቦ እዚህ ሁለት ጊዜ ይደክማል። የቱርቦውን የአየር ቧንቧ አስፈቱና ውስጡ የዘይት ኩሬ እንዳለ እዩ። ዘንጉንም በጣት ነቅንቁት።

9. ንዱት

ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ያልተቃጠለ መሆኑን አይታችሁ፣ ሻጩን አስቀምጣችሁ፣ እሑድ ጠዋት ሰፊ ጭር ያለ መንገድ ላይ ሞክሩት።

- መሪውን እስከ ጫፍ አዙራችሁ በቀስታ ዙሩ፣ በሁለቱም አቅጣጫ። ቀጭ ቀጭ ካለ የሴሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) መጋጠሚያ ነው። ከፋቀ ጎማው ሰፍቷል።
- በሰዓት 60 እየሄዳችሁ ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይታችሁ ፍሬን ያዙ። ወደ ጎን መሳብ የለበትም።
- በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዳችሁ ቤንዚን እስከ መጨረሻ ስጡ። የሞተሩ ዙር ወጥቶ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል።
- ዳገት ውሰዱት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያለው ጥሩ ፈተና ነው። የሙቀት መለኪያው ከመሃል ካለፈ ተመለሱ።
- በመጨረሻ በራሳችሁ መንገድ፣ በደረጃ 1 በለካችሁት ጉብታ ላይ አሳልፉት። ሻጩ «እዚያ አልወስደውም» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድ የፍጥነት መሞከሪያ አይደለም። ሥሩን ያላያችሁትን መኪና እዚያ አትውሰዱ።

10. ሦስት አምድ ሠርታችሁ ወስኑ

የጻፋችሁትን ሁሉ በሦስት አምድ ክፈሉት።

የሚፈታ፦ ቸርኬ፣ ሬዲዮ፣ ወንበር፣ የማርሚታ ጫፍ፣ በቦልት የታሰረ ሞላ።
የሚመለስ ግን የሚያስወጣ፦ ካታሊስት፣ ኤርባግ ያለው መሪ፣ የሞተር ፕሮግራም፣ የተቆረጠ ሞላ።
የማይመለስ፦ የተቆረጠ ላሜራ፣ ሻንሲ ላይ ያለ ብየዳ፣ ያልተመዘገበ ሞተር፣ የተዝረከረከ ሽቦ።

ሦስተኛው አምድ ውስጥ አንድ ነገር ካለ ያልተነካ ፈልጉ። ከሌለ ሒሳብ ሥሩ። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፦ ያልተነካው 1,800,000 ብር፣ የተነካካው 1,500,000 ብር ቢባል፣ የሁለተኛው አምድ መመለሻ 220,000 ቢፈጅ፣ የቀረው ልዩነት 80,000 ነው። ለ80,000 ብር የሰው እጅ አትግዙ። የሁለቱ መኪኖች የዋጋ ልዩነት የመመለሻው ወጪ ቢያንስ እጥፍ ካልሆነ እኔ ያልተነካውን ነው የምወስደው።

ያልተነካውንም በዚሁ ዓይን እዩት። «ኦሪጅናል» የተባለ መኪና ልክ ከሽያጩ በፊት ወደ ኦሪጅናል የተመለሰ ሊሆን ይችላል። አዲስ የሚያብለጨልጭ ቦልት፣ ሥሩ ላይ ያለ ባዶ ቀዳዳ፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ ወዴትም የማይሄድ ሽቦ ይናገራሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- የሻጩን ሜካኒክ ማመን።
- ድምፅን ጉልበት ነው ብሎ መግዛት።
- «ለማርሚታው ብቻ ይህን ያህል አውጥቻለሁ» ሲባል ያንን ዋጋ ላይ መጨመር። የሰው የትርፍ ጊዜ ወጪ እናንተን አይመለከትም።
- ማታ መኪና ማየት። ማታ ሁሉም ቀለም አንድ ነው።
- ሙሉ ኢንሹራንስ ሲገቡ የተቀየረውን አለመናገር። አደጋ ሲመጣ ክርክሩ የሚነሳው እዚያ ነው።

11. ቀብድና ውል

ቀብድ የሚሰጠው ከደረጃ 10 በኋላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ጥርጣሬ ይዛችሁ ቀብድ አትስጡ።

ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ፈርሙ። ዝርዝሩ ውስጥ የተቀየሩትን ዕቃዎች፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን፣ አብረው የሚሰጡትን ኦሪጅናል ዕቃዎች አንድ በአንድ አስጽፉ። «ሞላ 4፣ ቸርኬ 4፣ ማርሚታ 1» ተብሎ። ከዚያ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ከመዛወሩ በፊት ፒክአፕ ይዛችሁ ሻጩ ቤት ሂዱና ዕቃዎቹን ጫኑ። «ነገ እልክላችኋለሁ» የተባለ ሞላ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።